ስለ ቢጫው ቀለምና ስለ ወንድምሽ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፣ መንገዱ ቢረዝምም ስምሽ ከማዕዳችን ላልተለየው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚፈታተንሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በስብሰባ መካከል አፍሽን በመሐረብ ይዘሽ ትወጫለሽ? ባለቤትሽስ ወገቡን እንዴት አደረገው? መንታዎቹስ አሁንም አንዱ የሌላውን ጫማ አድርጎ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ዕድሜ ከሚያመጣው በቀር ሌላ ሕመም የለብንም። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ሲደርስ ያጉረመርማል፤ እኔም እንደ ሰነፍ ተማሪ እየገሠጽኩ አስወጣዋለሁ። እናትሽ ደኅና ናት። ዓይኗ ክር ከመርፌ ማስገባት እምቢ ብሏታል፤ የእኔን ጉድለት ለማየት ግን እስከ ዛሬ ደክሞ አያውቅም።

ስልክ እያለ ለምን ጻፈልኝ ትዪ ይሆናል። ስልክ ችኩል ዕቃ ነው፤ ሰው «ሃሎ» ሲል ግማሽ ሐሳቡ ይበተናል። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ከባድ ነገር ይጻፋል፣ ይነበባል፣ ይታረማል፣ ከዚያ በኋላ ይላካል እንጂ በአፍ አይወረወርም ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ለወንድምሽ እጽፍልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ፤ ቃሌን ማጠፍ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም። ስለዚህ ታግሠሽ እስከ መጨረሻው አንብቢ። ከመሐሉ ተነሥተሽ ወደ ስልኩ አትሩጪ።

አንቺ አባል የሆንሽበት የሳይንስ አማካሪዎች ጉባኤ ስለ ቤት ቀለም ያወጣው ምክር እዚህ ከደረሰ ሰንበትበት ብሏል። አጉሊ መነጽሬን ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ ጨዋ ነው፤ አይፎክርም፣ የማያውቀውን አላውቅም ይላል፣ ያወቀውን ደግሞ ከየት እንዳወቀ ይናገራል። በተማሪ እጅ ቢሆን ከፍ ያለ ነጥብ እሰጠው ነበር፤ ነጠላ ሰረዝ ላይ ብቻ ትንሽ ይሳሳታል። ምክሩም ቢጫና ቀይ ቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ፣ እኔ የምጽፍበት ሳይሆን ያ ከባዱ ማዕድን፣ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና፣ ትንሹም ቢሆን ደኅና የሚባል መጠን የለውምና፣ ከቤት ቀለም ጨርሶ ይውጣ የሚል ነው። ጉባኤው ይመክራል እንጂ እንደማይፈርድ፣ ፋብሪካ የመዝጋት ሥልጣንም እንደሌለው እኔ አውቃለሁ። ከተማው ግን ይህን አይለይም። «መምህር፣ ልጅዎ ፋብሪካውን ዘጋችው አሉ» ይለኛል ፀጉር አስተካካዩ፣ ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜ ሰፊ ማብራሪያ መስጠት አልፈለግሁም።

ወንድምሽ በዚያ ፋብሪካ ቀለም ቀማሚ መሆኑን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የማታውቂው ቢጫው ለእርሱ ምን እንደሆነ ነው። ሌላው ቀለም የፋብሪካው ነው፤ ቢጫው ግን የእጁ ሥራ ነው። በመንገድ አብረን ስንሄድ ቢጫ በር ባየ ቁጥር ቀና ይላል፤ በሩን ሰላም የሚለው ይመስለኛል። «ይሄም የኔ ልጅ ነው አባባ፣ ዝናብ እንዴት እንዳልነካው ያያሉ?» ይላል። አሁን ግን በምሳ ሰዓት ጓደኞቹ፣ «የጉባኤዋ ወንድም! ዳቦውን ሳታስመረምር ልትበላው ነው?» ይሉታል። መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ምሳውን ከቤት ይዞ ሄዶ ከቤት እንደያዘ ይመልሰው ጀመር፤ እናትሽም ዕቃውን ከፍታ እያየች ማታ መልሳ ታሞቅለት ጀመር።

እርሱን ያቆሰለው ግን የጓደኞቹ ቀልድ ሳይሆን በምክሩ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። «አንዲት የጉባኤው አባል የቅርብ ዘመዳቸው በዚሁ ሥራ የተሰማራ መሆኑን አስታውቀው በውይይቱም ሆነ በውሳኔው አልተገኙም» ትላለች። ስምሽ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ከእኛ ቤት በቀር ማን ሊሆን ይችላል? ወንድምሽ ይህን እራት ላይ ጮኾ አነበበና፣ «ባዕድ እንኳ ቢሆን ቁጭ ብሎ ያደምጥ ነበር! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ እሷ ግን ወንድሟ ሲሰቀል በሩን ዘግታ ወጣች!» አለ። እናትሽም፣ «ማንም አልሰቀለህም፤ እጅህን ታጠብና ብላ» አለችው። አልበላም።

ልጄ ሆይ፣ እኔም በልቤ ቅር ብሎኝ ነበር። እኔ ያሳደግኋት ልጅ ከክርክር ትወጣለች? ያቺ ሰፈሩ ሁሉ «ወይዘሪት ለምን» እያለ የሚጠራት፣ የእንግዳውን ሻይ ሳታቀብል «ለምን መጡ?» ብላ የምትጠይቀው ልጅ፣ ጥያቄው በተነሣበት ቀን ኮሪደር ላይ ቆመች? ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ሳመላልስ ከረምኩና፣ ጥርሴን እየቦረሽኩ ሳለ የአራተኛ ክፍል ወረቀትሽ ትዝ አለኝ።

ታስታውሺዋለሽ። ያን ዓመት እኔው ነበርኩ የሒሳብ መምህርሽ። የክፍሉን ፈተና ሁሉ አርሜ የአንቺን ወረቀት ብቻ አጥፌ ለጎረቤት ክፍል መምህር፣ ያ እናንተ «አለንጋ» ለምትሉት፣ እሰጠው ነበር። አለንጋ ደግሞ ነጥብ ከኪሱ የሚወጣ ይመስል የሚሰስት ሰው ነው። አንቺም ለእናትሽ፣ «የሁሉንም ሲያርም የኔን አይነካም፤ አባባ ይጠየፈኛል» ብለሽ አለቀስሽ። እኔ ሰምቻለሁ፤ ግን ወረቀቱን አላስመለስኩም። ባርመው ኖሮ ጥሩ ነጥብሽ ሁሉ የአባትሽ ይባል ነበር፤ ዝቅ ባደርግብሽም ለታይታ በገዛ ልጄ ላይ የጨከንኩ እሆን ነበር። አለንጋ የሰጠሽ ነጥብ ግን ሲያንስም የራስሽ ነበር። ዛሬ አንቺም ከዚያ ክፍል የወጣሽው በዚሁ ሕግ ነው። የወንድምሽን ወረቀት አጥፈሽ ለሌላ አራሚ ሰጠሽ እንጂ አልሸሸሽም። አንቺ ብትቀመጪ ኖሮ ያን ምክር ዛሬ ማንም «የዘመድ ነገር ነው» ብሎ ያጣጥለው ነበር፤ አሁን ግን አፉን ሞልቶ እንዲህ የሚል የለም። ይህን ሳስብ ቅሬታዬ በኩራት ተተካ። የጥርስ ሳሙናው ሸሚዜ ላይ ፈሶ እናትሽ ብትቆጣኝም ግድ አልሰጠኝም።

ወንድምሽን ግን በዚህ ላሳምነው አልቻልኩም። ፋብሪካው የራሱን ባለሙያ አምጥቶ ሠራተኛውን በአዳራሽ ሰብስቦ ነበር፤ እኔንም እንደ ሽማግሌ ከፊት አስቀመጡኝ። ባለሙያው ለስላሳ ሰው ነው፤ ከረባቱ ያምራል። ጥናት አጥንቻለሁ፣ ጉዳቱ ተጋንኗል ካለ በኋላ፣ «ለመሆኑ ግድግዳ የሚልስ ሰው አይታችኋል?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወንድምሽም ሳቀ፤ በዚያ ወር ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ «ይህን ጥናት ያስጠናው ማን ነው?» አልኩት። «ፋብሪካው ነዋ» አለኝ። «እንግዲያው ፈተናውን ያወጣውም፣ የተፈተነውም፣ ያረመውም አንድ ሰው ነው» ብለው፣ «እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ፈተና ያደርጉታል! የሰው እንጀራ ነው አባባ፣ የቤት ሥራ አይደለም» አለኝ። የሰው እንጀራ መሆኑስ እውነት ነው። ከርሱ ጋር በቢጫው ክፍል የሚሠሩት ሁሉ ባለትዳሮች ናቸው።

በዚያው መንገድ ላይ ነው እጽፍልሃለሁ ያልኩት። ልመናውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጠው። እህቴ ጉባኤውን ታውቀዋለች፣ ሰዎቹም ያከብሯታል፤ መንግሥት ከመወሰኑ በፊት ለጓደኞቿ አንድ ቃል ትንገርልኝ፣ ነገሩ ለአንድ ዓመት ይዘግይልን፣ ያለው ቢጫ ተሸጦ ይለቅ፣ እኛም መግቢያ መውጫችንን እንፈልግ፤ ይህንንም እንኳ ካላደረገች እህት አለኝ አልልም አለ። ቃሌን ፈጸምኩ። አሁን ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሚ።

የዛሬ ስምንት ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናትሽና ምራታችን ፍልቅልቂትን ይዘው ወደ ገበያ ወጡ። ይህቺ የወንድምሽ ልጅ አሁን አራት ዓመት አልፏታል፤ ፍልቅልቂት ያልናት በሰበብም ያለ ሰበብም ስለምትስቅ ነው። እኔ ጋዜጣዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ ከእርሷ ክፍል የመፋቅ ድምፅ ሰማሁ። አይጥ መስሎኝ ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። በሩን ብከፍተው ወንድምሽ አልጋዋን አውጥቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ በመፋቂያ ብረት ግድግዳውን ይፍቃል። እስከ ሽፋሽፍቱ ድረስ ቢጫ ሆኗል፤ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። ክፍሉ በብናኝ ጨልሟል። «ይውጡ አባባ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል» አለኝ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

የምክሩ የመጨረሻ ገጽ ለየቤተሰቡ የተጻፈ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ አንቺም ባትኖሪበት ጓደኞችሽ የጻፉት ነው። አሮጌ ቀለም በደረቁ አትፋቁ፣ ሕፃን በትንፋሹና በጣቱ የሚወስደው ብናኙን ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ ይላል። ወንድምሽ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሆነ። ያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የነበረውን በአንድ ጠዋት ወደ አየር በተነው። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያልተጠቀምኩበትን ድምፅ አውጥቼ፣ «ብረቱን አስቀምጥ!» አልኩት። እንደ አራተኛ ክፍል ተማሪ አስቀመጠው። ወረቀቱ የሚለውን ነገርኩት። «ወረቀቱ ውሸት ነው ብያለሁ እኮ» አለኝ። «ውሸት ከሆነ ምን ትፍቃለህ?» አልኩት።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ከመስኮቱ ሥር የተላጠ ቦታ አሳየኝ። ፍልቅልቂት ከእንቅልፏ ስትነሣ በጥፍሯ እየላጠች የቢራቢሮ ክንፍ ነው የምትለው ቅርፊት ከዚያ ነው የሚመጣው። ለእኔም ሰጥታኛለች፤ መጽሐፌ ውስጥ አንድ አለኝ። «በገዛ እጄ ነው የቀባሁላት አባባ» አለኝ። «ለሰው ቤት አንድ ጊዜ ነው የምንቀባው። ለሷ ሁለት ጊዜ ደረብኩላት።» ይህን ሁሉ ወር በአንቺ ላይ የጮኸው ለእንጀራው ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካስ ያ ምክር እውነት ከሆነ እርሱ ምን እንዳደረገ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ኖሯል።

እኔ፣ እንደምታውቂው፣ ልጆቼን አቅፌ የማሳድግ አባት አልነበርኩም፤ በእኛ ዘመን እንደዚያ አይደረግም ነበር። ያን ቀን ግን መሐረቤን ውኃ ነክሬ ሽፋሽፍቱን ጠረግሁለት፤ ልጅ ሳለ ፊቱን እንዳጥበው ዓይኑን ጨፍኖ ሰጠኝ። ከዚያ ሁለታችን ወለሉንና መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመን ጠረግን፤ ጨርቁን በከረጢት አሠርን፤ እርሱም ገላውን ታጥቦ ልብሱን ለብቻ ዘፈዘፈ። ክፍሉን ቆለፍነው። እናትሽ ስትመለስ ነገርኳት፤ አልተቆጣችም፣ የልጂቱን አልጋ ብቻ ጠርጋ ወደ እኛ ክፍል ሳበችው። ፍልቅልቂትም፣ «ክፍሌ ታሟል እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እናትሽ «አዎ፣ ጉንፋን ይዞታል» አለቻት። አሁን ጠዋት ጠዋት በበሩ ቀዳዳ «ተሻለህ ወይ?» ትለዋለች።

ሰኞ ዕለት ምራታችን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳት የደም ምርመራ ተደርጎላታል። በመርፌው አላለቀሰችም። ፕላስተሩ ቢጫ ካልሆነ ብላ ነርሷን አስቃታለች፤ ወንድምሽ ግን አልሳቀም። ውጤቱ የሚነገረን በሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ልጂቱ ትጫወታለች፣ ትበላለች፤ እኔ ግን በተቀመጠች ቁጥር መቁጠር ታስታውስ እንደሆነ በሰበብ በሰበቡ እጠይቃታለሁ። ትናንት ሰባትን ዘለለች። የአራት ዓመት ልጅ ሰባትን እንደምትዘል ስንት ዘመን አስተምሬ አውቃለሁ፤ ሆኖም ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ የወንድምሽን ልመና ነግሬሻለሁና የራሴንም ልንገርሽ። አታድርጊው። ለማንም ቃል አትናገሪ። አንድ ዓመት ይዘግይ የተባለው ቢጫ የሚሸጠው ለማን ነው? ልጅ ላለው ሰው ነው። ክፍል አስውቦ የሚቀባ አባት ሁሉ የሚገዛው እርሱን ነው። እርሳስ የሌለው ቢጫ እንዳለ ወንድምሽ ራሱ ነግሮኛል፤ ዋጋው ይወደዳል፣ መልኩም «ውኃ የበዛበት ሻይ» ነው ብሎ ይንቀዋል። ይናቀው፤ ንቆ ንቆ ያሻሽለዋል፣ እጁን አውቀዋለሁ። ሥራው ቢቀርበትም ቤታችን ሰፊ ነው፣ ጡረታዬም ለሾርባ አያንስም። አንቺ ግን አንድ ጊዜ ለዘመድ ብለሽ ብትናገሪ ከእንግዲህ የምትናገሪው ሁሉ የዘመድ ይሆናል፤ ለማናውቃቸው ልጆች ማን ይናገርላቸዋል?

ሰው በሌለበት ስለ እርሱ ጽፎ መላክ ነውር ነውና ይህን እስከዚህ ድረስ ጽፌ ለወንድምሽ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ስለ ሽፋሽፍቱ ያለበት ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲጨርስ፣ «ያን ልመና ይሰርዙት» አለኝ። አልሰርዝም አልኩት፤ የለመንከውንም፣ ልመናህን መተውህንም ታውቅልህ። ቀጥሎ፣ «አባባ፣ ሐኪሙ ሲናገር ጆሮዬ የሚሰማ አይመስለኝም። ቁጥር ይነግረኛል፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምን ላብላት፣ መቼ ተመልሼ ላስመርምራት ብዬ መጠየቅ አላውቅም። እሷ ታውቃለች» አለኝ። «ራስህ ጠይቃት» አልኩት። «ከሰደብኳት በኋላ በምን አፌ?» አለ። ይህን ያለውንም እጽፈው እንደሆነ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እየጻፍኩት ነው።

ፖስታው ከማክሰኞ በፊት ስለማይደርስሽ ምራታችን ገጾቹን በስልኳ ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሻለች፤ ዋናው በፖስታ ይከተላል። ፎቶ ደብዳቤ አይባልም፤ ዋናው ሲደርስሽ እንደ ገና አንብቢው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ከባድ ነገር ሲያነሣ ጎንበስ ሳይሆን በርከክ ይበል። መንታዎቹን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ፤ ጫማቸውን እንዲለዩ፣ በትምህርታቸውም እንዲበረቱ አያታችሁ አዟል በያቸው። ደግ አማትሽንም እጅ ነሥቻለሁ። ከዚህ ቤት እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ለሳልሽ ትኩስ ውኃ በማር ጠጪ፣ አንገትሽን ሸፍኚ ብላ ሁለት ጊዜ አስጽፋኛለች፤ አንዱን ትቼዋለሁ። ምራታችን በናፍቆት ትስምሻለች። ፍልቅልቂት ለአክስቴ ስጥልኝ ብላ በገጹ ጥግ ላይ የሣለችው ክብ ፀሐይ ይሁን ድመት እስከ አሁን አልተስማማንም። ወንድምሽ የኔን ሰላምታ ራሴ እጽፋለሁ ብሎ እርሳሱን ከእጄ ወስዶብኛልና ከዚህ በታች ያለው የተንጋደደ ጽሑፍ የእርሱ ነው፤ በልጅነቱም መስመር መጠበቅ አይሆንለትም ነበር።

ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ፤ ኅዳር ፲፬ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
አባትሽ

እትዬ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ጋ ስገባ ስልክ ላይ አብረሽኝ ሁኚ። አትውጪ።